ሲቪ 5 ወይስ ሲቪ 6? ለአዳማ ላፕቶፕና ለአዳማ ኪስ

ላፕቶፕ የገዛ ጓደኛ ሁሉ ይዞልኝ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። ሲቪላይዜሽን (ባጭሩ ሲቪ) ከሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ 5ን ልግዛ ወይስ 6ን? ዋጋው ላይ ብዙ ሰው ሲሸወድ ስላየሁ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ልመልስ። ላፕቶፓችሁ ያገለገለ ከሆነ፣ ብሩም ከገዛ ኪሳችሁ የሚወጣ ከሆነ፣ 5ን ከሁለቱ ማስፋፊያዎቹ (ለብቻ ከሚሸጡት ተጨማሪ ክፍሎች) ጋር ግዙ። 6ን የምመክረው ለጥቂት ሰው ነው፤ ለማን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ተራ በተራ ነው የሚሄደው። እናንተ ስትጨርሱ ሌላው ይጀምራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 ዓመት ተነስታችሁ፣ ከአንድ ከተማ ጀምራችሁ እስከ ሮኬት ዘመን ትዘልቃላችሁ። መሬት ትይዛላችሁ፣ ትነግዳላችሁ፣ ትዋዋላላችሁ፣ ሲብስ ትዋጋላችሁ። የእጅ ፍጥነት አይጠይቅም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የትኛውም ላፕቶፕ ይችለዋል ብሎ የሚያስበው። ለ5 እውነት ነው፤ ለ6 ግን አይሠራም።

እስቲ ከገንዘቡ እንጀምር። ሲቪ 5 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ መደበኛ ዋጋው 30 ዶላር። ጎድስ ኤንድ ኪንግስ የሚባለው ማስፋፊያ በ2012፣ ብሬቭ ኒው ወርልድ የሚባለው ደግሞ በ2013 ወጡ። እነሱም ሠላሳ ሠላሳ ዶላር ናቸው። ድምሩ 90። ሲቪ 6 እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ዋናው ብቻ 60 ዶላር ነበር። ተጨማሪዎቹ ደግሞ፦ ራይዝ ኤንድ ፎል 30፣ ጋዘሪንግ ስቶርም 40፣ ኒው ፍሮንቲየር ፓስ ሌላ 40። አንድ ላይ 170 ዶላር! ዶላሩን በመቶ ብር ብቻ ብታሰሉት እንኳ 17 ሺህ ብር ነው፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ መቶን ጥሎ ስለሄደ እውነተኛው ሒሳብ ከዚህም ይበልጣል።

በመደበኛ ዋጋ ማንም እንዳይገዛ። ስቲም የሚባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መሸጫ በዓመት ደጋግሞ ቅናሽ ያወጣል። ሲቪ 5 ብዙ ጊዜ 75 በመቶ ይቀንሳል። ሦስቱም እንዲህ ሲቀንሱ ጠቅላላው 22 ዶላር አካባቢ ይመጣል፣ አለቀ፣ ሌላ የሚጨመር የለም ማለት ይቻላል። የሲቪ 6 ዋናው ጨዋታ ደግሞ 90 በመቶ ሲቀንስ 6 ዶላር ይሆናል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። 6 ዶላር ከ22 ያንሳላ! ነገር ግን በዚያ 6 ዶላር የምታገኙት ጨዋታ ኢትዮጵያ የሌለችበት፣ የዓለም ጉባኤ የሌለበት፣ በደልና ቂም የሚቆጠርበት የዲፕሎማሲ ክፍል የሌለበት ነው። እነዚህ ሁሉ በኋላ በተናጠል የተሸጡ ናቸው። ትንሽ ተጫውታችሁ ስትወዱት አንዱን ማስፋፊያ ትገዛላችሁ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ምኒልክን (6 ላይ ያለውን የኢትዮጵያ መሪ)። እ.ኤ.አ. በ2020 ኤፒክ የሚባለው ሌላው የጨዋታ መሸጫ ዋናውን በነጻ ሲሰጥ የወሰዳችሁም ይህን እወቁ፤ ስቲም ላይ ርካሽ ያገኛችሁት ማስፋፊያ ኤፒክ ላይ ላለው ጨዋታ አይሠራም። ማስፋፊያውን ከዚያው ከኤፒክ ነው የምትገዙት።

የ5ም ዋናው ብቻውን ባዶ ነው፤ አልደብቃችሁም። ሃይማኖት የለውም፣ የንግድ መስመር የለውም፣ ኢትዮጵያም የለችበትም። ከነሁለቱ ማስፋፊያዎች ካልሆነ ይቅርባችሁ።

አሁን በፍላሽ ወደሚገለበጠው ክራክ (ሳይከፈልበት ተሰብሮ የወጣ ቅጂ) ጉዳይ። ጌም የሚጭኑ ሱቆች በትንሽ ብር ሁለቱንም ይገለብጡላችኋል። አንድ ጓደኛዬ ሲቪ 6ን «ሙሉ ነው፣ ሁሉም አለው» ተብሎ አስጭኖ መጣ። ከፈትነው። ጽሑፉ ግማሹ በሩሲያኛ ነው። ምኒልክን ብንፈልግ የለም። ጋዘሪንግ ስቶርም ስሙ ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ሲነካ ግን አይከፍትም። በጣም የከፋው ግን የመጣው በኋላ ነው፤ ልጁ ግማሽ ዓለም ከያዘ በኋላ ጨዋታው ይዘጋ ጀመር፣ ሱቁ «አዲስ ቨርዥን ላድርግልህ» ብሎ እንደገና ሲጭንለት የድሮው ሴቭ አልከፍት አለ። ያ ሁሉ ድካም ሄደ። ፍላሹ ደግሞ ፋይል እየደበቀ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ይዞ ስለነበር ላፕቶፑ ፎርማት ተደረገ። ፎርማቱም ተከፈለበት፣ ዳግም መጫኑም ተከፈለበት። ከፎርማቱ ጋር አብሮ የጠፋው የትምህርት ቤት ፋይል ግን በገንዘብ አይመለስም።

የ5 ክራክም ያው ነው፣ ከዚህ አይሻልም። ልዩነቱ ኦሪጅናሉ በቅናሽ ጊዜ ጓደኛሞች ተዋጥተው የሚችሉት ዋጋ መሆኑ ላይ ነው። አንድ ላፕቶፕ ላይ ተቀያይሮ መቀመጥ ይቻላል፤ ሆት ሲት ይባላል። አንዱ ተራውን ጨርሶ ይነሳል፣ ሌላው ይቀመጣል፣ የሌላው ካርታ አይታየውም። አንዱ ቤት ሰብሰብ ብላችሁ ቡና እየተፈላ የምትጫወቱት ከሆነ ከዚህ የሚሻል መንገድ የለም። (6ም ላይ አለ፤ ግን በተራው መሀል የሚያስጠብቀው ጊዜ ሰው ያሰለቻል።)

ስለ ሙቀቱ ደግሞ የአዳማ ሰው የሚያውቀውን ልንገራችሁ። ከተማችን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ሙቀቱ አለ፣ ነፋሱ አለ፣ ነፋሱ የሚያመጣው አቧራ አለ። ያ ነፋስ ከከተማው ወጣ ሲባል መብራት ያመነጫል፤ ቤት ውስጥ ግን የላፕቶፕ ፋን ይደፍናል። ሲቪ 6 ላፕቶፑን ከመጀመሪያው ተራ እስከ መጨረሻው እረፍት አይሰጠውም፤ ጨዋታው እየገፋ፣ ከተማው እየበዛ ሲሄድ ደግሞ ይብስበታል። ያ የጓደኛዬ ላፕቶፕ እንደ ምጣድ ይግል ነበር። በኋላ እየጠፋ አስቸገረ። የወሰደበት የጥገና ቤት «ማዘርቦርዱ ሄዷል» አለውና ላፕቶፑን ሊገዛ ትንሽ የቀረው ዋጋ ጠራለት። ሌላ ባለሙያ ዘንድ ወስደን ሲከፈት ፋኑ በአቧራ ተዘግቷል፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ተጠረገ፣ ፔስቱ ተቀየረ፣ ተነሳ። ስለዚህ ማዘርቦርድ ከመቀየራችሁ በፊት «ከፍተህ አሳየኝ» በሉ። ፋን ቀይሩ ከተባላችሁም የድሮውን በእጃችሁ ተቀበሉ፤ ደህናውን አውጥተው በኮፒ የሚተኩ አሉ፣ ኮፒው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ መጮህ ይጀምራል።

ሲቪ 5 እዚህ ላይ ነው ልቤን የወሰደው። ሲከፈት በየትኛው ዳይሬክትኤክስ (ዊንዶውስ የጨዋታውን ሥዕል በሚያሳይበት ፕሮግራም) ልሂድ ብሎ ይጠይቃል፤ ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነ 9ን ምረጡ። ሲቪ 6 ግን ከዳይሬክትኤክስ 11 በታች አይሠራም። 5 ላይ ሲሞቅባችሁ ኤፍ 10ን ንኩ፤ ካርታው ወደ ጠፍጣፋ ሥዕል ይቀየራል፣ ፋኑም ዝም ይላል። ጨዋታ ስትጀምሩ ደግሞ ፈጣን ውጊያና ፈጣን እንቅስቃሴ የሚሉትን አብሩ። አንድ ሌላ ነገር፦ ጨዋታው በራሱ ሴቭ የሚያደርገው በየአሥር ተራው ነው። ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ወደ አንድ አውርዱት። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ይዛችሁ መብራት ድርግም ሲል ትርፉ ይገባችኋል።

ዳታውም ገንዘብ ነው። 5 በስምንት ጊጋ አካባቢ ይወርዳል፤ 6 ከነማስፋፊያዎቹ ከ20 ጊጋ ይዘላል። በሌሊት ጥቅል አውርዱት። አንድ ጊዜ ከወረደና ከተከፈተ በኋላ ስቲምን ኦፍላይን አድርጋችሁ ያለ ኢንተርኔት መጫወት ትችላላችሁ። ጓደኛችሁም ገዝቶት ከሆነ ፎልደሩን በፍላሽ ስጡት፤ ስቲም ያለውን ፋይል አይቶ የጎደለውን ብቻ ነው የሚያወርደው።

ወደ ጨዋታው ስንመጣ፣ ሁሉም ሰው የሚፈልገው በኢትዮጵያ መጫወት ነው። 5 ላይ መሪው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፣ 6 ላይ ዳግማዊ ምኒልክ። ሁለቱም አማርኛ ይናገራሉ። የምኒልክ ነገር እንደሚስብ አውቃለሁ። ኮረብታ ላይ ከተማ ስትመሠርቱ እዚያ ከምታገኙት እምነት (የሃይማኖት ነጥብ) 15 በመቶው በሳይንስና በባህል ይጨመርላችኋል፤ ሠራዊቱ ኮረብታ ላይ ይበረታል፤ የኦሮሞ ፈረሰኛ አለ፤ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ትሠራላችሁ። በጣም ያምራል። የ5 ኢትዮጵያ ግን አጨዋወቷ የአድዋን ነገር ይበልጥ ገብቶታል ባይ ነኝ።

መለያዋ የአድዋ መንፈስ ይባላል። ከእናንተ የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው ጠላት ጋር ስትዋጉ 20 በመቶ ብርታት ይጨመርላችኋል። ማለትም ትንሽ ሆናችሁ ተቀመጡ፣ ትልቁ ይምጣ ነው። መሐል ሰፋሪ የሚባለው ወታደራችሁ ደግሞ ለዋና ከተማ በቀረበ መጠን ይበረታል፤ በታሪክም መሐል ሰፋሪ የንጉሡ የራሱ ጦር ነበርና ቦታውን ይዟል። ሐውልት ስትሠሩ ሌላው ሕዝብ ባህል ብቻ ሲያገኝ እናንተ እምነትም በየተራው ሁለት ታገኛላችሁ። ትራዲሽን በሚባለው የፖሊሲ ዘርፍ ውስጥ ሊጋሊዝም የሚባለውን ከያዛችሁ ለመጀመሪያዎቹ አራት ከተሞች ሐውልቱ በነጻ ይሠራላችኋል። አራት ከተማ፣ አራት ሐውልት፣ ሃይማኖት ከጎረቤት ቀድሞ። ከአራት አትለፉ።

አንድ ጨዋታ ላይ ጎረቤቴ የዙሉው መሪ ሻካ ነበር። ከተማው ከእኔ እጥፍ ይበልጣል፣ ሠራዊቱን ድንበሬ ላይ ደርድሯል። መሐል ሰፋሪዎቼን አዲስ አበባ ፊት ያለው ኮረብታ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ መድፉን ከኋላቸው። ከዚያ ከሻካ ጀርባ ወዳለው ኦገስተስ ቄሣር ሄድኩ። 5 ላይ ለአንዱ ከፍላችሁ ሌላውን እንዲወጋ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ቅመምና በየተራው ትንሽ ወርቅ ሰጠሁት፣ በዚያው ተራ ጦርነት አወጀበት። ሻካ ወደ እኔ ሲመጣ ጀርባው ባዶ ቀረ። ኮረብታው ላይ ሠራዊቱ አለቀ፣ በመጨረሻ ወርቅ ጨምሮ እርቅ ለመነ። አንዲትም ከተማውን አልነካሁም። ብነካ ኖሮ ሌሎቹ ሁሉ ጦረኛ ብለው ፊት ይነሱኝ ነበር፤ በዚህ ጨዋታ ያ ስም አንዴ ከወጣላችሁ ቶሎ አይለቅም።

የ5 ዲፕሎማሲ እንዲህ ነው። በወርቅና በሸቀጥ የሚነዳ ስለሆነ ታዩታላችሁ፣ ታሰሉታላችሁ። የተረፋችሁን ዝሆን ጥርስ ወይም ሐር ለወዳጅ በየተራው በ7 ወርቅ ትሸጣላችሁ፤ ውሉ ለ30 ተራ ይጸናል። ወዳጅነት ካወጃችሁ ደግሞ ገንዘቡን በአንዴ መቀበል ትችላላችሁ። የዓለም ጉባኤ ሲከፈት ትናንሾቹን ከተማ መንግሥታት በወርቅ ይዛችሁ ድምፃቸውን ትሰበስባላችሁ፣ የጠላታችሁን ንግድ ታስዘጋላችሁ። 6 ላይ ከተማ መንግሥታትን የምትይዙት በመልእክተኛ ነው፣ ጦርነትም ያለ ምክንያት ካወጃችሁ ቂሙ ይበዛባችኋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። መሪዎቹ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው አመል ስላላቸው፣ ምንም ሳታደርጓቸው በማይገባ ነገር ሲቀየሙ ትውላላችሁ።

6ን ለማን እመክራለሁ? የራሱ ግራፊክስ ካርድ ላለው ላፕቶፕ፣ ራሙ 16 ጊጋ ለሆነ ሰው፣ ከተማን በየሰፈሩ ከፋፍሎ መገንባት ለሚወድ ሰው። ጎርፉ፣ እሳተ ገሞራው፣ ድርቁ እንዲመጣ ከፈለጋችሁም ጋዘሪንግ ስቶርም ላይ ነው ያለው። ስልካችሁ ጠንካራ ከሆነ መጀመሪያ ስልክ ላይ ሞክሩት፤ 60 ተራ ድረስ በነጻ ያስጫውታል። 7ኛው እ.ኤ.አ. በ2025 በ70 ዶላር ወጥቷል፤ አክሱም አለችበት፣ ግን በዚያ ዋጋ 5ን ከነሙሉው ሦስት ጊዜ ትገዛላችሁ።

አገዛዙ ይኸው። ትልልቆቹ ቅናሾች ሰኔ አጋማሽ አካባቢና ታኅሣሥ ላይ ናቸው። ዶላር የሚከፍል ካርድ ከሌላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ይግዛላችሁ፤ ገንዘብ ሳይሆን ጨዋታውን ራሱን ስጦታ አድርጎ እንዲልክ ንገሩት። የስጦታ ካርድ ከሆነ የሚልክላችሁ ስቲም ላይ ቢያንስ ለሦስት ቀን ጓደኛ መሆን አለባችሁ፤ ቅናሹ ሊያልቅ ሲል አትደውሉለት። እንደወረደ ከፍታችሁ ላፕቶፑን ፈትሹት። ከተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከሆነና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ስቲም ገንዘቡን ይመልሳል።