ቢግኩዌሪ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ

ኤክሴል 1,048,576ኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይህን ቁጥር በቃሌ የያዝኩት ወድጄ አይደለም፤ የምሠራበት የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት የአሥር ዓመት የሽያጭ መዝገብ አርባ ሚሊዮን ረድፍ አለው። በየወሩ እየቆራረጥን ስንከፍተው ኖርን። «ባለፉት አምስት ዓመታት ማዘዝ ያቆሙት ፋርማሲዎች የትኞቹ ናቸው?» የሚል ጥያቄ ከመጣ ሁለት ቀን አለቀ ማለት ነበር። አሁን ቢግኩዌሪ በሚባለው፣ በኢንተርኔት በኩል በጉግል ኮምፒውተሮች ላይ በሚሠራው ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ሰከንዶች ይበቁታል። ስለ ፍጥነቱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ወሬው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

የጀመርኩት ሳንድቦክስ በሚባለው ነጻ መግቢያ ነው። ክሬዲት ካርድ አይጠይቅም፤ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለማግኘት ደጅ ለሚጠና ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 10 ጊጋባይት ማከማቻ እና በወር 1 ቴራባይት የሚደርስ ንባብ ይሰጣል። መዝገባችን 9 ጊጋባይት ስለሆነ ለጥቂት ተረፈ። ግን የሳንድቦክስ ሠንጠረዦች ከ60 ቀን በኋላ ይሰረዛሉ፣ ረድፍ ማረምም አይፈቀድም። ወደ ክፍያ ከተሸጋገራችሁ በኋላም የማለቂያ ቀኑን ራሳችሁ ካላነሳችሁት በነበረበት ይቀጥላል።

ከአሳሽ በቀጥታ የሚጫን ፋይል ከ100 ሜጋባይት መብለጥ ስለማይችል መዝገቡን መጀመሪያ ወደ ክላውድ ማከማቻ፣ ማለትም ወደ ጉግል የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ፣ መላክ ነበረብን። በእኛ ኢንተርኔት ሦስት ሌሊት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ግን መስመሩ ቢቋረጥም፣ መብራት ቢጠፋም የተላከው ጥያቄ እዚያው ሠርቶ ይጨርሳል፤ ተመልሼ ስገባ ውጤቱን ከሥራ ታሪኩ ውስጥ አገኘዋለሁ።

ዋናው ትምህርት ዋጋ ላይ ነው። ቢግኩዌሪ መረጃን የሚያስቀምጠው ዓምድ በዓምድ ነው፣ የሚያስከፍለውም ባነበበው ዓምድ መጠን ነው። ስለዚህ ሰሌክት ስታር ብሎ ሁሉንም ዓምድ የጠራ ሰው፣ መጨረሻው ላይ «ሊሚት 10» (አሥር ረድፍ ብቻ አሳየኝ) ብሎ ቢጨምርም፣ እንደኛ ባለ ተራ ሠንጠረዥ ላይ የሙሉውን ይከፍላል። አሥር ብርቱካን ለማንሳት የቅርጫቱን ዋጋ እንደመክፈል ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት በአንድ ቅዳሜና እሁድ ነው። በየአምስት ደቂቃው የሚታደስ የሽያጭ ሰሌዳ ሠርቼ ዓርብ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍት ትቼው ሄድኩ። እስከ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት 720 ጊዜ 9 ጊጋባይት አነበበ። ከነጻው ቴራባይት በላይ ላለው፣ በቴራባይት 6.25 ዶላር ታስቦ፣ 33 ዶላር ገደማ መጣ። ያው ጥያቄ ሲደጋገም፣ መረጃው ካልተለወጠ፣ ለአንድ ቀን ያህል የተቀመጠው ውጤት በነጻ ይመለስ ነበር፤ እኔ ግን ጥያቄው ውስጥ «የአሁኑ ሰዓት» የሚል ተግባር ስለከተትኩ ያ ዕድል አመለጠኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ለሒሳብ ክፍል ማስረዳቱ ግን ከጥፋቱ ይበልጥ ከበደኝ። ሠንጠረዡን በወር ከፋፈልኩ፣ የምፈልጋቸውን ሦስት ዓምዶች ብቻ ጠራሁ፣ አንድ ጥያቄ ሊያነብ በሚችለው መጠን ላይም ጣሪያ አስቀመጥኩ። አሁን ያው ሰሌዳ በአንድ ጊዜ ከ100 ሜጋባይት በታች ያነባል።

የትኛውም መመሪያ ያልነገረኝ ግን የራሳችን ጣጣ ነበር። ቅርንጫፎቻችን ቀን የሚጽፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ዋናው ቢሮ ደግሞ በፈረንጅ። ጥቅምት 30 ቀን 30/02 ተብሎ ሲገባ ሥርዓቱ ፌብሩዋሪ ሠላሳ ቀን የለውም ብሎ ጣለው፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር የለም ብሎ መለሰ። እነዚህ ባለውለታዎቻችን ናቸው። አደገኛው የካቲት 30 ነው፤ 30/06 ሲባል ጁን 30 ሆኖ በጸጥታ ያልፋል፣ ሽያጩም ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ ያለው፣ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ ትንሽ ሠንጠረዥ ሆነ። ከሐምሌ 1 የሚጀምረው የበጀት ዓመትም እዚያው ገባ።

ፊደሉም እንዲሁ። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ፋርማሲ ናቸው፤ ለዳታቤዙ ሦስት ደንበኞች ናቸው። ትራንስሌት በሚባለው፣ አንዱን ፊደል በሌላ በሚተካ ተግባር ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዝርያቸው አመጣናቸው። ዋናውን ስም አልነካንም፤ የተስተካከለው በሌላ ዓምድ ተቀመጠ። ጠፉ ካልናቸው ደንበኞች ብዙዎቹ ሌላ ሆሄ ለብሰው ተገኙ።

መረጃችሁ ጥቂት ሚሊዮን ረድፍ ከሆነ ፖስትግሬስ የሚባለውን ነጻ ዳታቤዝ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ጫኑና በዚያው ሥሩ፤ ክላውድ አያስፈልጋችሁም። የዕለት ዕቃ ግምጃ ቤታችንም አሁን ድረስ እዚያው ነው፤ በየደቂቃው አንዲት ረድፍ ለሚያርም ሥራ ቢግኩዌሪ አልተሠራም። የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ደግሞ ውጤቱን ዛሬም በኤክሴል ይጠይቁኛል፣ ታትሞ።