አዲስ ማጫወቻ ከድሮ ቴሌቪዥን ጋር፦ ደብረ ብርሃን ላይ ማን ጋ ልሂድ ለምትሉ

ከአሜሪካ ለቤተሰብ የቪዲዮ ማጫወቻ ይዛችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ለምትሄዱ ይጠቅማል ብዬ ነው። ከአዲስ አበባ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጥሩ ነው፣ 130 ኪሎ ሜትሩን ሹፌሩ ተረጋግቶ ነድቶ አደረሰን። ማደሪያው ንጹሕ ነው፤ ብርዱ ከባድ ስለሆነ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ።

ዋናው ጉዳይ ማጫወቻው ነው። እማዬ አሜሪካ የተደገሰውን የእህቴን ሠርግ ጎረቤቶቿን ሰብስባ፣ ቡና አፍልታ፣ በራሷ ቴሌቪዥን ማየት ፈለገች። ቴሌቪዥኗ ደግሞ ያ ጀርባው ወፍራሙ የድሮው ነው፣ የሚቀበለውም ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የኤቪ ገመድ ብቻ። በፈረንጆቹ ከ2013 በኋላ የተሠሩ፣ እንደ እኔው ያሉ የብሉ ሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል ያለው ዲስክ) ማጫወቻዎች ግን ምስል የሚያወጡት በኤችዲኤምአይ፣ ማለትም በአዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ገመድ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ኮንቨርተር፣ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ትንሽ ዕቃ፣ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚቀይር ስጠኝ ስለው ተቃራኒውን፣ ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውን ሰጠኝ። «ያው ነው» አለ። ያው አይደለም! መልካቸው ይመሳሰላል እንጂ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ስመልሰው «የተሸጠ ዕቃ አይለወጥም»። በጣም አዝኛለሁ፣ ሁለተኛ አልረግጠውም።

ጠባሴ ሰፈር በኩል ያገኘሁት ጥገና የሚሠራ ወጣት ግን ሌላ ሰው ነው። ምንም ሳይሸጥልኝ «የቴሌቪዥኑን ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» አለኝ፤ የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ያለው ከሆነ ይህ ኮንቨርተር አይሆንም፣ ሞዱሌተር (ምስሉን በአንቴና ቀዳዳ እንዲገባ የሚያደርግ ዕቃ) ይፈልጋል። ቤት መጣ። ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት የማጫወቻውን ጽሑፍ አነበበ፣ ምክንያቱም አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ 220፣ እና «100-240» የማይል ዕቃ እንዲሁ ከተሰካ ይቃጠላል። ኮንቨርተሩም ራሱ በዩኤስቢ ኃይል እንደሚፈልግ አሳየኝ። ምስሉ መጣ፣ ግን ጥቁርና ነጭ። እኔ ቴሌቪዥኑ አረጀ ብዬ ነበር፤ እሱ ኮንቨርተሩ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ከኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው የቴሌቪዥን ቀለም ሥርዓት) ወደ ፓል (የእኛው) ገፋ አደረጋት፣ ቀለሙ ወዲያው መጣ። የሰው ፊት ቀጥኖና ረዝሞ ይታይ ስለነበር ከማጫወቻው ሴቲንግ 4:3 (የድሮ ቴሌቪዥን ስክሪን ቅርጽ) መርጦ አስተካከለው።

ሌላም ነገር ነገረኝ፤ ዲቪዲዎች በሚሸጡበት የዓለም ክፍል የክልል ኮድ ይሰጣቸዋል፣ የአሜሪካ ማጫወቻ ክልል 1 ስለሆነ እዚህ ክልል 5 ተብለው የታተሙ ዲቪዲዎችን አያነብም። ቤት የተቀዳ የሠርግ ዲስክ እንዲህ ያለ ኮድ የለውም።

ሳይቸኩል «እማማ፣ ይቺን ይጫኑ» እያለ አስተማራት፣ ሪሞቱ ላይ የኤቪ ቁልፉን በቀለም ምልክት አደረገላት። የጠየቀው ሒሳብ ከኮንቨርተሩ ዋጋ ያነሰ ነበር። ደረሰኝ አለመስጠቱ ቅር ይላል፣ ያንን ቢያስተካክል እወዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሚበዛበት፣ መብራትም ስለሚጠፋ፣ ጠዋት ደውላችሁ ጥሩት።