ጊትና ኤንፒኤም አላስገባ ሲሏችሁ ደሴ ላይ ወደ ማን ትሄዳላችሁ?

ደሴ ፒያሳ የሚሠራውን የኮምፒውተር ባለሙያ ወንድማችንን በአደባባይ እናመሰግናለን። ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ኮድ የምትጽፉ፣ ማሽናችሁ ከጊትሃብ (በጊት የሚያዝ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ወይም ከኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማውረጃ) ጋር አልግባባ ሲል እሱ ጋ ውሰዱት። ብዙ ቤት ምላሹ «ፎርማት እናድርገው» ነው። ፎርማት ግን ያለ ፓስዎርድ ወደ ሰርቨር የሚያስገባችሁን የኤስኤስኤች ቁልፍም ጠርጎ ይሄዳል፤ ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ፋይል ውስጥ ያለች አንድ መስመር ናት። እሱ የስህተቱን መልእክት እስከ መጨረሻው ያነባል፣ ከዚያ ሰዓቱን ያያል።

የሰዓቱን ነገር አትናቁት። ኮምፒውተሩን በእኛ አቆጣጠር የምንሞላ ጥቂት አይደለንም። ዓመቱ በእኛ የተሞላ ማሽን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የድረ ገጾቹን ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫ) «ገና ጊዜው አልደረሰም» ይላል፤ ጊት፣ ፒፕ (የፓይተን ፓኬጆች ማውረጃ)፣ ኤንፒኤም ሁሉም በአንዴ እምቢ ይላሉ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን 3:00 ብላችሁ ከሞላችሁ ደግሞ ስድስት ሰዓት ትዘገያላችሁ። ያኔ ሰርተፊኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፣ የኡቡንቱው ፕሮግራም መጫኛ አፕት ግን አዲስ የወጣ የፓኬጅ ዝርዝር ሲያገኝ ገና አልጸናም ብሎ ሊቆም ይችላል። የማረጋገጫ ኮድ የሚያወጣው ስልክም እንዲሁ ነው፤ ኮዱ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው በሰዓት ስለሆነ ስልኩን አውቶማቲክ ላይ አድርጉት። ሰዓቱ ተስተካክሎ ማሽኑ ሲጠፋና ሲበራ ተመልሶ ከተዛባ፣ የማዘርቦርዱ ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ብዙ ጊዜ ሲአር2032፣ አልቆ ሊሆን ይችላል።

እምቢ ያለው ጊት ብቻ ከሆነ ፍለጋው ሌላ ነው። ጊትሃብ ከነሐሴ 7 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለፑሽና ለፑል (ኮድ ለመላክና ለማምጣት) የአካውንት ፓስዎርድ አይቀበልም፤ ቶክን (በፓስዎርድ ፋንታ የሚሠራ ረጅም ኮድ) ወይም የኤስኤስኤች ቁልፍ ይፈልጋል። ዊንዶውስ ላይ ቶክን አውጥታችሁም የማይሠራው ብዙ ጊዜ፣ ፓስዎርድ የሚያስቀምጠው ክሬደንሻል ማናጀር የድሮውን ፓስዎርድ ሳይጠይቃችሁ ስለሚልክ ነው። እዚያ ገብቶ የጊትሃብን መስመር ማጥፋት፣ እንደገና ፑሽ ማድረግ፣ ሲጠይቅ ቶክኑን መለጠፍ። ክሎን (ኮዱን መቅዳት) ሠርቶ ፑሽ 403 («ተከልክሏል») ካለ ቶክኑ የመጻፍ ፈቃድ የለውም፤ ወይም ኮምፒውተሩ በጋራ የምትጠቀሙበት ከሆነ የገባው በጓደኛችሁ አካውንት ነው።

በኤስኤስኤች ለምትሠሩ፦ ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ብላችሁ ክሎን አታድርጉ፤ ቁልፉን ከእናንተ ሳይሆን ከአስተዳዳሪው (ከሩት) ፎልደር ይፈልጋል። የግል ቁልፉ ፈቃድ 600 ይሁን፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው። ኔትወርኩ የኤስኤስኤች መደበኛ በር የሆነውን ፖርት 22ን ከዘጋ ጊትሃብ በ443 የሚቀበልበት ሌላ አድራሻ አለው፣ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ማስገባት ነው። አሮጌ ላፕቶፕ «የሰርቨሩ ማንነት ተቀይሯል» ብሎ ካስፈራራ፣ ጊትሃብ መጋቢት 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ማንነቱን የሚያሳይበትን የአርኤስኤ ቁልፍ ስለቀየረ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የድሮውን መስመር ዝም ብሎ ይሰርዛል። ወንድማችን ግን ጊትሃብ ካወጣው የጣት አሻራ (የቁልፉ አጭር መለያ) ጋር ሳያስተያይ አይነካውም፤ ልክም ነው፣ ማስጠንቀቂያው የተሠራው መሃል ገብቶ የሚያዳምጥ እንዳይኖር ነው።

ኤንፒኤም ላይ የሚያሳስተው 404 («አልተገኘም») ነው። የግል ፓኬጅ ከሆነ «የለም» የሚለው ብዙ ጊዜ «አላወቅሁህም» ማለቱ ነው። የኤንፒኤም ማስተካከያ የሚጻፍበት የኤንፒኤምአርሲ ፋይል በፕሮጀክቱም በሆም ፎልደርም ሊኖር ይችላል፤ የፕሮጀክቱ ስለሚያሸንፍ፣ ያረጀ ቶክን እዚያ ካለ ሆም ላይ ያለውን ብታድሱም ለውጥ የለም።

ፓስዎርድ ንገሩኝ አይልም፤ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ፣ እሱ ፊቱን ያዞራል። ለሙከራ የወጣ ቶክን ካለ ሳይሰረዝ አያስወጣችሁም። ዋጋውን ሳይጀምር ይናገራል። ብዙ ወሬ ስለማይወድ ምክንያቱን ማወቅ የሚፈልግ ጠይቆ ያውጣው።

ስልክ ቁጥሩን በውስጥ መስመር እንሰጣለን። ቻርጀርና የማረጋገጫ ስልካችሁን ያዙ፣ የስህተቱን ጽሑፍ ሙሉውን ፎቶ አንሱት። ቅዳሜ ተማሪ ስለሚበዛበት ከኮምቦልቻ የምትመጡ ደውላችሁ ተነሱ።