የአባቴን ዲኤክስ ላዳኑልኝ ጋሼ

ድሬዎች፣ በተለይ አሮጌ መኪና ይዛችሁ የደንገጎን ዳገት ስታስቡ ልባችሁ የሚፈራ፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። ትንሽ ይረዝማል። መኪናችንን የጠገኑልን መካኒክ ግን በአንድ መስመር ተመስግነው የሚታለፉ አይደሉም።

መኪናችን ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። አባቴ ትቶልን የሄደው እሷን ነው። ሳቢያን የሰፈራችን ልጆች ገና ከኩርባው ሳትታይ በድምጿ ያውቋታል። እናቴ በየወሩ ለዓይኗ ክትትል ሐረር ትወጣለች። ጉልበቷ ደክሟል፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቃ መሄድ አትችልም። ስለዚህ ይህች መኪና ለእኛ ቅንጦት አይደለችም።

መጋቢት ላይ ውሃ ታጎድል ጀመር። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ሃይላንድ ነበር የምጨምርላት። ከዚያ በሦስት ቀን አንድ ሆነ። ግንቦት ሲገባ በየቀኑ። የሚገርመው፣ ጎንበስ ብዬ ከሥሯ ሳይ መሬቱ ደረቅ ነው። ውሃው የት እንደሚገባ ግራ ገባኝ።

አንድ ጠዋት እናቴን ይዤ ወደ ደንገጎ ስወጣ፣ ዳገቱ መሃል ላይ የሙቀቱ ጠቋሚ ቀዩን ነካ። ጥግ ይዤ አጠፋሁ። ደንግጬ ኮፈኑን ከፍቼ የራዲያተሩን ክዳን ልይዝ ስል አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከመንገዱ ማዶ ‹‹እንዳትነኪው!›› ብሎ ጮኸብኝ። ማንነቱን አላውቅም፣ ፈጣሪ ይስጠው። ያን ጊዜ ከፍቼው ቢሆን የፈላው ውሃ ፊቴ ላይ ነበር የሚወጣው። ኩርባው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀን፣ ቁልቁል ተመለስን። የእናቴ ቀጠሮ አለፈ።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያዩዋት ‹‹ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፣ ቴስታታው ወርዶ መላጨት አለበት›› አሉኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በሁለት ብረት መሃል የሚገባ ማሸጊያ። የጠሩት ዋጋ የሁለት ወር ደሞዜ ነው። ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ ‹‹ሽጪያት በቃ›› አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሥራ ባልደረባዬ ናት የጋሼን ስልክ የሰጠችኝ። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ ቃላቸውን አከብራለሁ። በልጅነታቸው ሙያውን የለመዱት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ድሬ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተወለደች ከተማ አይደለች? እዚያ ብረት ሲቀጠቀጥ ያደጉ ሰዎች የማሽን ድምፅ የሚሰሙበት ጆሮ የተለየ ነው። እኔ አምናለሁ።

ስደውልላቸው ዋጋ አላወሩም። ‹‹ዛሬ ማታ ስታቆሚያት ንጹህ ካርቶን ከሞተሩ ሥር አንጥፊ። ጠዋት ሳልመጣ እንዳታስነሺያት›› አሉኝ፣ በቃ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ የዕቃ ቦርሳቸውን ይዘው በባጃጅ መጡ።

ካርቶኑን ሲስቡት ዝገት የመሰለ ሦስት ጠብታ አለ። ቀን ቀን መሬቱ ለምን ደረቅ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። መኪናዋ ስትሄድ ውሃው የጋለ ብረት ላይ ወድቆ በእንፋሎት ይጠፋል። የተረፈውን ደግሞ የድሬ ፀሐይ ትጨርሰዋለች። ሌሊት ነው የሚያሳብቀው።

ከዚያ አንድም ቡሎን ሳይፈቱ ምርመራ ጀመሩ። የዘይቱን መለኪያ መዝዘው አዩ። ውሃ የገባበት ዘይት ወተት ይመስላል፣ የእኛ ጥቁር ነው። ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ አወጡ። ቴስታታው ውሃ የሚያስገባ ቢሆን ከአራቱ አንዱ ታጥቦ ነጭ ይሆን ነበር አሉ፣ አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ ‹‹አስነሺ›› አሉኝና አፉን ትኩር ብለው አዩ። አረፋ የለም። ጭሱም ነጭ አይደለም። ቀና ብለው ‹‹ቴስታታሽ ደህና ነው ልጄ፣ ማንም እንዳይነካው›› አሉኝ። እንባዬ መጣ። የሁለት ወር ደሞዜ ስለተረፈ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አይቶ፣ አረጋግጦ ነገረኝ። ሌላው ይህን ለማድረግ ምን አነሰው?

ቀጥለው የእጅ ፓምፕ አወጡ። እንደ ብስክሌት መንፊያ ያለ ነው፣ የራዲያተሩ አፍ ላይ ይገጥማል፣ የግፊት መለኪያ ሰዓት አለው። ወደ 0.9 ባር ሞሉትና ቁጭ አሉ። ቀስቷ ቀስ እያለች ወረደች። በባትሪና በትንሽ መስታወት ሥር ሥሩን ሲያዩ ቆይተው ጠሩኝ። የውሃ ፓምፑ ሆድ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከዚያች ነው ጠብ ጠብ የሚለው።

ያቺን ቀዳዳ ሁላችሁም እወቋት። የፋብሪካ ስህተት አይደለችም፣ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። ፓምፑ ውስጥ ውሃውን የሚከለክል ላስቲክ አለ። እሱ ሲያልቅ ውሃው ዘንጉ ወደሚዞርበት ኩሽኔታ ሳይደርስ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ማለትም ፓምፑ ራሱ ‹‹ቀይሩኝ›› እያለ ነው። የእኛን ከዚህ በፊት አንድ ሰው በማስቲሽ ደፍኗት ነበር! ጋሼ ማስቲሹን በካቻቢቴ ጫፍ ሲያወጡ በጣም ነው ያዘኑት። ቀዳዳዋ ስትደፈን ውሃው ተመልሶ ኩሽኔታውን ይበላል፣ አንድ ቀን ፓምፑ መንገድ ላይ ይሰበራል፣ ማራገቢያው ቬንትሌተርም ራዲያተሩን ይመታዋል።

ሁለተኛው ጥፋት ክዳኑ ነበር። ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እኔ ክዳን ክዳን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ እንዳስረዱኝ ግን ክዳኑ ግፊት ይይዛል፣ ግፊት ሲኖር ውሃ ቶሎ አይፈላም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ክፍት ውሃ እዚህ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሐረማያ፣ 2,000 ሜትር ላይ፣ 93 ይበቃዋል። ጤነኛ ክዳን ግን መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ክዳኑ የሞተበት መኪና ዳገቱን በወጣ ቁጥር፣ ሞተሩ በሚደክምበት ሰዓት፣ ውሃው ይበልጥ ለመፍላት ይቀርባል። ደንገጎ ላይ በየኩርባው ኮፈን ከፍቶ የቆመ መኪና የምናየው ሁሉ ሞተሩ ስለተበላሸ አይደለም ማለት ነው።

ፓምፑን ራሴ ገዛሁት። አሮጌውን ፈትተው ሰጡኝና ‹‹ይህን ይዘሽ ሂጂ፣ የቡሎኖቹን ቀዳዳ አገጣጥሚ፣ ዘንጉን በእጅሽ አዙሪው፣ ድምፅ ካለው አትውሰጂ›› አሉኝ። ከሱቁ ምንም ኮሚሽን የላቸውም። ስመለስ ካርታ ወረቀቱን ፓምፑ ላይ አድርገው ዳር ዳሩን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ እየመቱ ጓርኒሲዮኑን በእጃቸው ቆርጠው ጠበቁኝ። ልጄ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አፉን ከፍቶ ነበር የሚያየው። ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጊያ መለሱ፣ የውሃ ጎማዎቹን የሚያስሩትን የላሉ ፋሼታዎች አጠበቁ።

ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደው ቴርሞስታት የለም፣ ድሮ አውጥተውታል። ‹‹ድሬ ሞቃት ስለሆነች አያስፈልግም›› ይባላል። ጋሼ አይስማሙም። ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ሲሄድ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል አሉ። አዲስ አስገቡበት።

ስለ ውሃውም ልንገራችሁ። የድሬን የቧንቧ ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ያው ቅርፊት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። እኔ ለስንት ዓመት በሃይላንድ ስጨምርላት የነበረው እሱን ነው! ጋሼ አጥበው፣ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ሞሉባት። ‹‹እዚህ በረዶ የለ፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?›› ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ኩላንት ለብርድ ብቻ አይደለም፣ ከዝገትም ይጠብቃል፣ የመፍያውንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል።

ልቤን የነካው አንድ ነገር አለ። አሮጌው ፈሳሽ ሲወርድ አንድ ጠብታ መሬት እንዲነካ አልፈቀዱም። ከዚህ በፊት ኩላንት ተጨምሮባት ሊሆን ይችላል ብለው በሳፋ ተቀብለው ጀሪካን ውስጥ ገለበጡት። ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ ግን መርዝ ነው። በራችን ላይ የጎረቤት ፍየሎች ይውላሉ፣ ልጆችም አሉ። እስኪጨርሱ ልጄን ሁለት ጊዜ እጁን አስታጠቡት።

በመጨረሻ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አዙረው፣ ክዳኑን ክፍት አድርገው፣ የማሞቂያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ከፍተው አስነሱ። አየሩ ጉል ጉል እያለ ወጣ፣ ውሃው ሲጎድል ጨመሩ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ጨረስን። እናቴ ሩዝና ሻሂ አቀረበች። የእጃቸውና የዕቃው ዋጋ ተደምሮ ጋራዡ የጠራውን ሩብ አልሞላም። ትንሽ ልጨምር ብል እምቢ አሉ።

በሳምንቱ እናቴን ይዤ ደንገጎን ወጣሁ። ጠቋሚው መሃል ላይ ቆመ፣ ንቅንቅ አላለም። ሐረማያን አልፈን፣ አወዳይን አልፈን፣ አንድም ቦታ ሳንቆም ሐረር ገባን። እናቴ መንገዱን ሙሉ ስትመርቃቸው ነበር። ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎት ልጅ ካለ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አባቴ ቢኖር ራሱ መጥቶ እጅዎን ይይዝ ነበር።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ድሬ ውስጥ ቤት ድረስ ይመጣሉ። አርብ እኩለ ቀን አትደውሉላቸው፣ ሶላት ላይ ናቸው። ከመምጣታቸው በፊት ማታውን ካርቶን አንጥፉ።