የሕንፃ ኢነርጂ ሲሙሌሽን ላስተማሩን መምህርት ምስጋና፤ ባሕር ዳር ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ባሕር ዳር ውስጥ የሕንፃ ኢነርጂ ሲሙሌሽን (ሕንፃ የሚፈጀውን ኃይል በኮምፒውተር ማስላት) እና የኢነርጂ ኮድ ስሌት (ሕንፃው የኃይል ቁጠባ ደንቡን ማሟላቱን ማረጋገጥ) መማር ለምትፈልጉ አርክቴክቶች፣ የኤሌክትሮመካኒካል ባለሙያዎችና ተመራቂዎች አንድ ሰው ልንጠቁማችሁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተማሩንን መምህርት ከልብ እናመሰግናለን። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን።

ይህ ስሌት የሚሠራበት ኤነርጂፕላስ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ አጠቃቀሙንም ከቪዲዮ መልመድ ይቻላል። እሳቸው ጋ የሚገኘው ሌላ ነገር ነው። ወደ ፕሮግራሙ የሚገባ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳያስጠይቁ አያልፉም፤ ስሌቱ የሚበላሸው በአብዛኛው ገና ራን ሳይደረግ (ፕሮግራሙ እንዲያሰላ ሳይታዘዝ) ነውና።

የመጀመሪያው ፍተሻ የአየር ሁኔታ ፋይሉ ላይ ነው። ፋይሉ የዓመቱን 8,760 ሰዓታት ይይዛል። ከኢንተርኔት የሚወርዱ አንዳንድ ፋይሎች ሰዓታቸው የዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፤ የኛ ሰዓት በ3 ይቀድማል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ባሕር ዳር የሰዓታችን መለኪያ ከሆነው 45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ወደ 7.6 ዲግሪ በምዕራብ ስለምትገኝ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ በፋይሉ 12፡30 መሆኑ ነው። በጠራ ቀን የጨረሩ ከፍተኛ ቁጥር 9 ወይም 10 ሰዓት ረድፍ ላይ ከተገኘ ሰዓቱ አልተስተካከለም፤ የምዕራብ መስኮቶች ውጤት በሙሉ ውድቅ ነው። የሥራ ሰዓት ሰንጠረዥም እንዲሁ ነው፦ ከጠዋቱ 2፡30 የሚገባ ሠራተኛ 8፡30 ተብሎ ካልተጻፈ ቢሮው ሌሊት ይሞላል።

ቀጥሎ የአየር ንብረት ዞን ይመጣል። አሽሬ 90.1 በተባለው የአሜሪካ የሕንፃ ኢነርጂ ኮድ መሠረት የየቀኑ አማካይ ሙቀት ከ10 ዲግሪ የሚበልጥበት መጠን ለዓመት ይደመራል፤ በዞን 2 እና በዞን 3 መካከል ያለው ወሰን 3,500 ነው። የዓመቱ አማካይ 19 ዲግሪ ቢሆን 9 በ365 ሲባዛ 3,285 ይሆናል፣ 20 ዲግሪ ቢሆን ደግሞ 3,650። የአንድ ዲግሪ ልዩነት ዞን ይቀይራል፤ ከዞኑ ጋር የግድግዳውና የጣሪያው መስፈርት ይቀየራል። ስለዚህ ዞኑን ከሰው ተውሶ መጻፍ እሳቸው ዘንድ አይፈቀድም፤ ከራሱ ፋይል ይሰላል።

እኛን ከሁሉ የጠቀመን የፀሐይ ትምህርቱ ነው። ብዙ መማሪያዎች የሰሜን መስኮት ጥላ አይፈልግም ይላሉ። ባሕር ዳር ግን በ11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ጣናም ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ ሐይቁን እንዲያይ የሚሠራ የሆቴል መስታወት ሁሉ ወደዚያው ይዞራል። በሰኔ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከፍታዋ 78 ዲግሪ ስለሆነ 1.5 ሜትር ቁመት ላለው መስኮት ከመስኮቱ በላይ 32 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ጥላ ይበቃል። በታኅሣሥ በደቡብ በኩል ወደ 55 ዲግሪ ትወርዳለች፤ ለዚያው መስኮት 1.05 ሜትር ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ ከሰሜን ምዕራብ ስትመጣ ግን አግድም ጥላ አያድንም፤ ቀጥ ያለ የጎን ክንፍ የግድ ነው። ይህን በወረቀትና በካልኩሌተር ካሠሩ በኋላ ነው ኮምፒውተር የሚያስከፍቱት።

ከፍታም አለ። በ1,800 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ወደ 81 ኪሎፓስካል ነው፤ በባሕር ወለል 101.3 ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ያው መጠን የሚገፋ ፋን የሚሸከመው ሙቀት በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል።

የቁሳቁስ ምርጫ ላይ ደግሞ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣውን ኢንሱሌሽን ያለው ግድግዳ አጥፍተው በባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ያስተኩታል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ክፍተት በፕሮግራሙ ውስጥ ራሱን የቻለ ዞን፣ ማለትም ሙቀቱ ለብቻው የሚሰላ ክፍል፣ ይሆናል።

ራን ከተደረገ በኋላ መጀመሪያ የሚከፈተው የስህተት ፋይሉ ነው፣ ግራፉ አይደለም። ከዚያ አንድ ክፍል በእጅ ይሰላል፦ 3 ካሬ ሜትር የምዕራብ መስታወት፣ የመስታወቱ የፀሐይ ሙቀት ማሳለፍ 0.8፣ ጨረር 600 ዋት በካሬ ሜትር፤ 1,440 ዋት። የ20 ካሬ ሜትሩ መብራት በ8 ዋት 160፣ ሁለት ሰው 150። ፕሮግራሙ መብራቱ ከፀሐዩ ይበልጣል ካለ መስኮቱ ሞዴሉ ውስጥ የለም ማለት ነው።

ኮዱን ማሟላት በሚሰላበት ጊዜ የማነጻጸሪያው ሕንፃ (በኮዱ መስፈርት መሠረት ሞዴል የሚሠራለት) በ0፣ 90፣ 180 እና 270 ዲግሪ እየዞረ አማካዩ ይወሰዳል። የሚፈለገው ሙቀት ያልተጠበቀባቸው ሰዓታት በማነጻጸሪያውም በታቀደው ሕንፃም ሞዴል ከ300 ማለፍ የለባቸውም። ማቀዝቀዣ ያልታቀደለት ሕንፃ እንኳን ከማነጻጸሪያው ጋር አንድ ዓይነት ማቀዝቀዣ እንዳለው ተደርጎ ይሰላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው በመስኮት ንፋስ ብቻ ትልቅ ቁጠባ አስመዝግቤያለሁ ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። የእሳቸው ተማሪ ይህን አይስትም።

አንድ ነገር እወቁ፦ ስዕል አያስተምሩም፤ ፕላንና ሴክሽን ማንበብ ችላችሁ ሂዱ። የምታውቁትን አንድ ሕንፃ ፕላን፣ የመስኮቶቹን ልክ፣ የግድግዳውን ውፍረትና የዓመት የመብራት ቢሉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ልምምዱ በሙሉ በዚያ ላይ ነው የሚሠራው።