ጸደይ እስኪመጣ፦ የስፌት መኪናዬና የሹራብ መርፌዎቼ ከወራት በኋላ

ሚኒሶታ የሚኖር ሰው ጸደይን የሚያውቀው በካላንደር ነው። ማርች ያልቃል፣ በረዶው አለ። ኤፕሪል ይገባል፣ እንደገና ይጥላል። ነባሮቹ እስከ ዛሬ የሚያነሱት እ.ኤ.አ. የ2018ቱን ኤፕሪል ነው። በዚያ አንድ ወር ብቻ ሚኒያፖሊስና ሴይንት ፖል ላይ 26 ኢንች በረዶ ወርዷል፤ ወደ 66 ሳንቲሜትር ማለት ነው። የዘንድሮው እዚያ አልደረሰም። ቢሆንም ለፋሲካ ነጠላዬን የለበስኩት ከወፍራም ጃኬት በላይ ነው።

የእጅ ሥራ ለሚወድ ሰው ግን እንዲህ ያለው ወቅት ይመቻል። ከሥራ ቤት፣ ቤት ደግሞ ጨርቅና ክር። በኖቬምበር ቅናሽ የገዛሁት የስፌት መኪናና በስጦታ ያገኘሁት የሹራብ መርፌ ስብስብ ክረምቱንም፣ ይህን አልገባም ያለ ጸደይም አብረውኝ አሳልፈዋል። አዲስ ዕቃ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሌም ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ለመጻፍ አልቸኮልኩም። የሁለቱንም ስም አልጠራም። በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ብዙም አይለያዩም፣ እኔም የምናገረው ስለ ዓይነቱ ነው።

ከመኪናው ልጀምር። ኤሌክትሮኒክ ነው፣ አካሉ ፕላስቲክ፣ ዋጋው ከ250 ዶላር በታች። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 100 ዓይነት ስፌት መስፋቱ ነው። አበባ አለ፣ ቅጠል አለ፣ ዳክዬ ሁሉ አለ። እኔ የምጠቀመው ቀጥታውንና ዚግዛጉን ነው። ዳክዬዋን አንድ ቀን ለወጉ ሞከርኳት፣ ከዚያ በኋላ አልተገናኘንም። እውነቱን ለመናገር የስፌት ብዛት ለሻጩ እንጂ ለገዢው ብዙም ትርጉም የለውም። ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው ነገር ነው ወር በወር ዋጋውን ያሳየኝ።

መጀመሪያ የወደድኩለትን ልንገራችሁ። ፍጥነቱን የምትወስኑበት ማንሸራተቻ አለው። ዝግታው ላይ ካደረጋችሁት ፔዳሉን የቱንም ያህል ብትረግጡት አይሮጥም። በእግር የሚረገጠውን ሲንጀር እያየ ላደገ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የኤሌክትሪክ ፔዳል ለማያውቀው እግር አይታዘዝም። ሌላው፣ ስፌቱን ስታቆሙ መርፌው ጨርቁ ውስጥ ወርዶ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። ማዕዘን ላይ ስትደርሱ ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር ታነሳላችሁ፣ ጨርቁን ታዞራላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ። መስመሩ አይዛነፍም። ለዚህች አንዲት ቁልፍ ስል ዳክዬዋንም አበባውንም በነፃ እሰጣለሁ።

የሠራሁበት በአብዛኛው ኩዊልት ነው። ላላያችሁት፦ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ ፊቱ ይሠራል፣ መሃል ባቲንግ የሚሉት ጥጥ ይገባል፣ ከኋላ ሌላ ጨርቅ ይደረግና ሦስቱ አብረው ይሰፋሉ። የኛ ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ መሃሉ ምንም የለውም፤ ይሄኛው በሦስት ድርብ ያንኑ ሙቀት ይሰጣል። እማዬ በቪዲዮ ስታየው፣ "አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ድሪቶ ትሰፊያለሽ?" አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ያለቀውን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ሳሳያት ግን ዝም ብላ ቆየችና፣ "ለኔም አንድ" አለች።

ኩዊልት ላይ ሁሉ ነገር የሚቆመው በሩብ ኢንች ነው። ቁርጥራጮቹ የሚገጣጠሙት ከጠርዛቸው ሩብ ኢንች ገባ ተብሎ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ቁጠሩት። አንድ ረድፍ ላይ 12 ካሬ ቢኖር 11 ስፌት አለ። እያንዳንዱ ስፌት በአንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ብቻ ከሰፋ፣ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚበላ አንድ ስምንተኛ ኢንች ይሄዳል። በ11 ስታባዙት ረድፉ ወደ 1.4 ኢንች ያጥራል። የሚቀጥለው ረድፍ በትክክል ከተሰፋ ደግሞ ሁለቱ ማዕዘን ለማዕዘን አይገናኙም። የኔው መኪና ከመርፌው በታች ባለው ብረት ላይ የተሰመረው መስመር ትክክለኛው ሩብ ኢንች አይደለም፤ በማስመሪያ ለካሁት፣ ትንሽ ይሰፋል። ስለዚህ ብረቱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ጨርቁን በእሱ ጠርዝ አስኬዳለሁ። ለሩብ ኢንች የሚሆን እግር ለብቻው ይሸጣል፣ ፕላስተሩ ግን በቂ ሆኖልኛል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ከመርፌው በስተቀኝ እስከ መኪናው አካል ድረስ ያለው ክፍት ቦታ 6 ተኩል ኢንች ገደማ ነው። ሸሚዝ ለሚሰፋ ሰው ምንም አይደለም። ለአንድ ሰው አልጋ የሚሆን ኩዊልት ግን 68 በ90 ኢንች ገደማ ነው። መሃሉን ለመስፋት ግማሹን፣ ማለትም 34 ኢንቹን ጠቅልላችሁ በዚያች ቀዳዳ ማሳለፍ አለባችሁ። ከነጥጡ! ጥቅሉ ይጨናነቃል፣ ያልተጠቀለለው ደግሞ በጠረጴዛው ጠርዝ ይወርድና ወደ ታች ይጎትታል። ጨርቁ ሲጎተት ስፌቱ ይጠባል፣ መርፌውም ይጎብጣል። መፍትሔዬ የካውያ ጠረጴዛውን በጠረጴዛዬ ልክ አድርጎ በግራ ማስጠጋት ነው። ክብደቱ እዚያ ላይ ያርፋል። ከኋላ ደግሞ ወንበር። ሳሎኑ መተላለፊያ ያጣል፣ ስፌቱ ግን ይስተካከላል።

ለዚህ ነው መኪና ለመግዛት ለሚያማክሩኝ ሁሉ አንድ ነገር የምለው፦ ሱቅ ስትሄዱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የስፌት ዓይነቱን አትቁጠሩ፣ ያቺን ክፍት ቦታ ለኩ። 8 ወይም 9 ኢንች ያለው ካገኛችሁና ኪሳችሁ ከፈቀደ እሱን ግዙ። ትራስና የሕፃን ብርድ ልብስ ብቻ ለሚሠራ የኔው ይበቃዋል።

ሁለተኛው የተደበቀ ወጪ ዎኪንግ ፉት የሚባለው እግር ነው። መኪና ጨርቅ የሚጎትተው ከሥር ባሉት ጥርሶች ነው። ሦስት ድርብ ሲሆን የታችኛው ይሄዳል፣ የላይኛው እግሩ ተጭኖት ይቀራል። መጨረሻው ላይ ስትደርሱ ፊቱ ተሰብስቦ ተጨማድዶ ታገኙታላችሁ። ይህ እግር የራሱ ጥርስ ስላለው ከላይም ይጎትታል፣ ሁሉም እኩል ይሄዳል። ከመኪናው ጋር አልመጣም፣ ለብቻው ከ20 እስከ 40 ዶላር ነው። ሳትገዙት ኩዊልት አትጀምሩ። መርፌውንም ወፈር ወዳለው፣ 90/14 ወደሚባለው ቀይሩ፣ የስፌቱን ርዝመት ከ2.5 ወደ 3 ሚሊሜትር ከፍ አድርጉ። ሦስቱን ድርብ ደግሞ በየመዳፉ ስፋት በመርፌ ቁልፍ ያዙት፤ እኔ ወለል ላይ ተንበርክኬ ነው የማደርገው፣ ጉልበት ይፈጃል።

ኤፕሪል ላይ ከአሮጌ የሐበሻ ቀሚስ የተረፈ ጥበብ በኩዊልቱ ጠርዝ አስገባሁ። እዚህ ላይ መኪናው አስገርሞኛል። ጥበቡ ወፍራም ነው፣ የሚያብረቀርቅ ክር አለበት፣ ሸማው ደግሞ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሲቆረጥ ይተረተራል። ከኋላው በካውያ የሚጣበቅ ገበር አድርጌለት ቀስ እያልኩ ሰፋሁት። አንድም ስፌት አልዘለለም። ከመስፋታችሁ በፊት ግን ጥበቡን እጠቡት፤ ቀለሙ ከለቀቀ ነጩ ጨርቅ ላይ ይቀራል።

የተበላሸ ነገር አለ? አለ። ክር በመርፌ ዓይን የሚያስገባው ትንሽዬ መንጠቆ ማርች ላይ ተጣመመ። አሁን እንደ ጥንቱ ምራቅ ቀብቼ አስገባለሁ። ከዚያ ውጪ የጥጥ ብናኝ ነው ችግሩ። ቦቢኑን፣ ማለትም የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን፣ በቀየርኩ ቁጥር የመርፌውን ብረት ፈትቼ ሥሩን በብሩሽ እጠርጋለሁ። መጀመሪያ የከፈትኩት ቀን ጥርሶቹ መሃል ግራጫ ብናኝ ተጠቅጥቆ ነበር፣ በመርፌ ጫፍ ነው የወጣው። ካልጠረጋችሁት መኪናው ይንኳኳል፣ ስፌትም ይዘላል። ከሥር በኩል ክሩ ከተዝረከረከ ደግሞ ቦቢኑን አትውቀሱ፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር ነው። እግሩን አንስታችሁ እንደገና አስገቡት። እግሩ ወርዶ ከሆነ ክሩን የሚይዙት ሳህኖች ስለሚዘጉ ክሩ መሃላቸው አይገባም።

ስለ ስፌት ጀርባ ካነሳሁ፣ እኛ ፎቅ ላይ አንዲት የህሞንግ አረጋዊት አሉ፤ ህሞንግ ከላኦስ የተሰደደ ሕዝብ ነው። ሴይንት ፖል ብዙ ህሞንጎች የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ሴቶቻቸው በጥልፍ የተመሰገኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ በታይላንድ የስደተኞች ካምፕ ሆነው የሸሹበትን ታሪክ በጨርቅ ላይ የጠለፉ ሰዎች ናቸው። እኒህ እናት ኩዊልቱን ከልብስ ማጠቢያው ይዤ ስወጣ ደረጃ ላይ አገኙኝ። ፊቱን አላዩትም። ገልብጠው ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱ፣ አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መልሰው ሰጡኝ። ፈተናውን ልለፍ ልውደቅ እስካሁን አላወቅኩም።

መኪናው ሌላ አንድ ጉድለት አለው፦ ድምፅ። አፓርታማ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ከታች ቤት ሕፃን ስላለ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አልነካውም። ሹራቡ የሚጀምረው ያኔ ነው።

የሹራብ መርፌው ስብስብ ጫፉ ከገመዱ እየተፈታ የሚቀያየር ነው። ጥንድ ጥንድ ጫፎች በየመጠኑ፣ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ገመዶች፣ ሁሉም በአንዲት ቦርሳ። አክስቴ አዲስ አበባ የምትሠራው በረጃጅሞቹ ቀጥ ያሉ መርፌዎች ነበር፣ አንዱን ብብቷ ሥር ሸጉጣ። ሥራው ሲያድግ ክብደቱ በሙሉ እጅ አንጓ ላይ ይወድቃል። በዚህኛው ግን ሹራቡ ገመዱ ላይ ተዘርግቶ ጭናችሁ ላይ ያርፋል። ቀኑን ሙሉ በእጅ ሲሠራ ለዋለ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። የኔዎቹ ጫፎች ቀርከሃ ናቸው፤ እንደ ብረቱ አያንሸራትቱም፣ ስለዚህ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ግን ቴሌቪዥን እያያችሁ የሹራቡ ዓይን ከመርፌው አይወድቅባችሁም፣ አይንኳኩምም።

ደካማ ጎኑ መጋጠሚያው ነው። ካልጠበቀ ቀስ በቀስ ይላላል፣ ክሩ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ይያዛል። አብራ የምትመጣ ትንሽ የሽቦ ቁልፍ አለች፣ በእሷ ማጥበቅ ግድ ነው። ቁልፏ ከጠፋች ወረቀት የሚያያዝበት ክሊፕ ይተካታል። መጠን ስትገዙ ደግሞ ሚሊሜትሩን ብቻ እዩ። አሜሪካኖቹ 8 የሚሉት 5 ሚሊሜትር ነው፣ ያንኑ እንግሊዞች በድሮው ቁጥራቸው 6 ይሉታል። ለሕፃን ልብስ የምትሠሩ ከሆነ ሱፐርዎሽ የሚል፣ በማሽን የሚታጠብ ሱፍ ወይም አክሪሊክ ምረጡ። ተራ ሱፍ ሙቅ ውሃና የማሽን መናጥ ከገጠመው ተጠቅጥቆ ይጠባል፣ አይመለስም። አራስ ቤት ደግሞ በእጅ እጠቢ ተብሎ የሚሰጥ ስጦታ ማንም አይወድም።

የኩዊልቱን ወጪ ለሚጠይቁኝ፦ ጨርቁ በያርድ 12 ዶላር ገደማ ነው፣ ለጀርባው ብቻ 5 ያርድ ተኩል ይፈልጋል። እኔ ለጀርባው ከሁለተኛ እጅ ሱቅ የጥጥ አንሶላ ገዛሁ፣ ለፊቱ ደግሞ ያረጁ ሸሚዞች ቆረጥኩ። የጥጥ ባቲንግ መጀመሪያ ሲታጠብ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይሸበሸባል፤ እኔ ያ የተኮማተረ መልኩ ነው የሚማርከኝ። ማሸጊያው ላይ ስፌቱ እስከ ስንት ኢንች ሊራራቅ እንደሚችል ተጽፏል፣ የኔው 8 ይላል። ከዚያ ካሰፋችሁት ጥጡ ውስጡ ይበጣጠሳል።

በመጨረሻ፣ ዘመዶች ደጋግመው የሚጠይቁት፦ "ይሄን መኪና ወደ አገር ቤት ልላከው?" አይሆንም እላለሁ። እዚህ የሚሸጡት የተሠሩት ለ120 ቮልት ነው፣ አገር ቤት ያለው 220 ነው። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳይኖር ሶኬት ላይ ቢሰኩት ያቃጥለዋል። ትራንስፎርመር ቢገዛ እንኳ ዎኪንግ ፉቱን፣ ቦቢኑን፣ የተጣመመችውን መንጠቆ ከዚያ ሆኖ መፈለግ ራስ ምታት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥራው ቆመ ማለት ነው። በስፌት ለሚተዳደር ሰው ገንዘቡን ላኩለትና እዚያው በእግር የሚረገጠውን ይግዛ፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚጠግነው ሰው አያጣም። ከዚህ መላክ ካማራችሁ መርፌና ጥሩ መቀስ ላኩ። የሹራብ መርፌውንም ጨምሩበት፣ እሱ ቮልት አይጠይቅም።