ለስት፣ ኮሽን፦ በልብስ ሰፊ ዓይን

ሃያ ዓመት ልብስ ስሰፋ ስለኖርኩ ፊልም ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ኮሌታ ላይ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዳይሬክተር አንግ ሊን «ለስት፣ ኮሽን»ም ያየሁት ሽጉጡን ትቼ ስፌቱን እየተከተልኩ ነው። ደግነቱ የዚህ ፊልም ስለላ የሚካሄደውም በልብስ ነው።

ጃፓን ቻይናን ወርራለች። በ1938 ሆንግ ኮንግ የተሰደዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአገር ፍቅር ቴአትር ያሳያሉ፤ ጭብጨባው ልባቸውን ሞላውና ከጃፓን ጋር ያበረ ሚስተር ዪ የሚባል ባለሥልጣን ካልገደልን ይላሉ። ዋናዋ ተዋናይት የነጋዴ ሚስት መስላ ቤቱ ትገባለች። መሣሪያዋ ቺፓኦ ነው፤ ያ ኮሌታው ቆሞ አንገት የሚይዝ፣ ጎንና ጎኑ ክፍት የሆነ ቀሚስ።

አንዷን ትዕይንት ሦስት ጊዜ መልሼ አየኋት። ሰውየውን ልብስ ሰፊ ጋ ትወስደዋለች። እሷም የራሷን አዲስ ቀሚስ ለክታ ትወጣለች፤ ወገቡ ላይ አንዲት ጣት አያስገባም። ልታወልቀው ስትል እንደለበሰችው እንድትቆይ ይነግራታል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ሱቅ ስንት ባልና ሚስት ገብቶ ወጥቷል፤ ወንድ ስለ ሴት ቀሚስ አፉን የሚከፍተው ወይ ሲሰለቸው ወይ ልቡ ሲሸፍት ነው። ሚስተር ዪን የሚጫወተው ቶኒ ሊዩንግ ፊቱን ሳያንቀሳቅስ ሁለተኛውን አሳየኝ። ሰላይዋን የምትጫወተው ታንግ ዌይ ደግሞ የመጀመሪያ ፊልሟ መሆኑን ስሰማ አላመንኩም።

ማጆንግ የሚባለው የቻይና የጠጠር ጨዋታ ጠረጴዛም ግሩም ነው። ሴቶቹ ጠጠሩን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ስለ አልማዝ ቀለበት ያወራሉ፤ አክስቶቼ ኮንከን ሲጫወቱ የሚወራወሩት ነገር ትዝ አለኝ። ግድያ ሲመጣ ግን ፊልሙ ቀልድ አያውቅም። ልጆቹ አንድ ሰው በቢላ ይወጋሉ፤ አይሞትም፤ ደግመው ይወጉታል፤ አሁንም አይሞትም። እዚያ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሁለት ሰዓት ከግማሽ ማለፉ በዝቷል፣ ታሪኩ ወደ ሻንጋይ ከተማ ከተሻገረ በኋላ ያለው ክፍል መሃሉ ላይ ይጎተታል። ከቤተሰብ ጋር እንዳትከፍቱት፤ አሜሪካ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የተከለከለ ነው። እኔ ሳላውቅ ከእህቴ ልጅ ጋር ጀምሬ «ሂጂ ቡና አፍይ» ብዬ አስነሳኋት።

ታሪኩ የቻይናዊቷ ደራሲ የኢሊን ቻንግ ነው። መነሻው ዠንግ ፒንግሩ የምትባል ወጣት ናት ይባላል፤ በ1939 ዲንግ ሞትሱን የተባለውን የስለላ ሹም ሻንጋይ ውስጥ ወጥመድ ያስገባችው የፀጉር ካፖርት መሸጫ ውስጥ ነበር። ደራሲዋ ሱቁን ወደ ጌጣጌጥ ቤት ቀየረችው፤ ፊልሙም ተከተላት። ቀለበቱ ያምራል፣ አልካድኩም፤ እኔ ግን ካፖርቱን ባየው ደስ ይለኝ ነበር፣ በተለይ ገበሩን።

በማግስቱ ለራሴ የቺፓኦ ኮሌታ ጀመርኩ። ሦስቴ ፈትቼዋለሁ፤ እስካሁን አልቆመልኝም።